የፈገግታ ዓይነቶች

የሽመና መካኒኩ ከሥራ የተሰናበተው ፈገግ ይላል ተብሎ ነው። ሥራውን ያውቃል፣ በሰዓቱ ይገባል፣ እጁ አመል የለበትም፣ መጠጥ አይቀምስም፤ ትእዛዝ ሲሰጠው ግን ፈገግ ይላል። ይህን በእንግሊዝኛ የተናገረው ከውጭ የመጣው አማካሪ ሲሆን፣ በዐረብኛ ለፋብሪካው ባለቤት ያደረሰችው አስተርጓሚዋ ናት። ባለቤቱ እንግሊዝኛ የማይሰሙ፣ ከሠራተኛው ቋንቋም “እሺ” እና “ቆይ” ከሚሉት በቀር የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው አባባ ይላቸዋል። አባባ ክሱን ከሰሙ በኋላ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነ ጠየቁ። አማካሪው ብዙ አስረዳ፤ አስተርጓሚዋም እየተከተለች ብዙ አስረዳች። ሲያበቁ ሽማግሌው ምንም እንዳልገባቸው፣ መካኒኩ ግን ቢሄድ እንደሚሻል ተናገሩ። በሳምንቱ የመካኒኩ አልጋ ከፋብሪካው መኖሪያ ቤት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ የጭነት መኪና እስኪገኝ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ።

አልጋው የተደገፈው የአስተርጓሚዋ ወንድም ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ወንድሟ የዚሁ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የእንፋሎት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ቤቱም ከሥራው ጋር የመጣ፣ ከሥራው ጋር የሚሄድ ነው። ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛዋ እሱ፣ ሚስቱና ሴት ልጁ፣ በሁለተኛዋ ደግሞ አስተርጓሚዋ፣ የውሃ በርሜሉና ቦታ ያጣ ዕቃ ሁሉ ያድራሉ። በዚያ መስመር የሚኖር ሰው በሙሉ የሚለብሰው ጥለቱ ተበላሽቶ ገበያ ያልወጣ ብርድ ልብስ ስለሆነ የሁሉም ቤት ጽጌረዳ አንድ ዓይነት ስህተት አለበት፤ አበባው ወዲህ፣ ግንዱ ወዲያ። ወንድሟ ስለዚህ ሲጠየቅ፣ ጭንቅላቷን የቀን ፈረቃ፣ እግሯን የሌሊት ፈረቃ ስለሠራት ነው ይላል። ሰውየው እንዲህ ነው። ሌላው የሚያማርርበትን እሱ ያላግጥበታል፤ ፋብሪካው ውስጥ የተወራ ቀልድ ሁሉ ወይ የእሱ ነው፣ ወይ የእሱ ነው ይባላል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለበት። ሁለተኛውን ያገኘው ሁለት የግራ እጅ ጓንት ተሰጥቶት “እግዜር ይስጥልኝ” በማለቱ ነው፤ በቃሉ ላይ ጥፋት አልተገኘም፣ ጥፋቱ የተገኘው አባባሉ ላይ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የሚባል የለም። ከሁለት በኋላ ቁልፍ መመለስ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የወንድሟ ሚስት የልጅቷን ጸጉር ስትሠራ ቆይታ፣ ባሏ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቃ፣ ማበጠሪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች አስተርጓሚዋን በዐይኗ ጠራቻት። የመካኒኩ ሚስት አሁን እህቷ ቤት ኮሪደር ላይ እንደምታድር፣ የቤት ኪራይ የሚባል ነገር ጭራሽ እንደማይቀመስ፣ ሽንኩርት እንኳ እንደ መድኃኒት በፍሬ መሸጥ እንደጀመረ አወራቻት። ይህን ሁሉ ያለችው ሌላ ነገር ለማለት ነው። ማበጠሪያውን ከአፏ አውጥታ ባሏ የወጣበትን በር እያየች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ስሙ ከተነሣ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ይስቃል” አለቻት። አስተርጓሚዋ “እሺ እትዬ” አለች። ልጅቷ ጸጉሯ ተይዞባት መዞር ስላልቻለች ግድግዳውን እያየች ማን እንደሚስቅ ጠየቀች። ወንድሟ ፊቱን እየጠረገ ገባና ሦስቱንም አይቶ፣ ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ከሆነ እሱ ቃለ ጉባኤ መያዝ እንደሚችል ተናገረ፤ ሴቶቹ ሳቁ፤ ሚስቱ ግን በአፏ ብቻ ነው የሳቀችው።

አስተርጓሚዋ ዐረብኛውን በሰው አገር የራሷን ሳትወልድ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከተመለሰች በኋላ በማታ ትምህርት ነው ያገኘችው፤ በእነዚህ የትም ሥራ አታጣም ይሏታል። ቢሮዋ የአማካሪው በርና የባለቤቱ በር የሚተያዩበት መተላለፊያ ላይ የተቀመጠች ጠረጴዛ ናት፤ ሁለቱም ሲጠሯት እኩል ቅርብ እንድትሆን ታስቦ ነው ይባላል፤ መስኮት የላትም፤ ከወለሉ ሥር የእንፋሎቱ ቧንቧ ስለሚያልፍ እግሯ ይሞቃል፣ ወገቧ ይበርዳል። ያን ጠዋት አማካሪው ቃላት ብቻ የሰፈሩበት ወረቀት ሰጣት። ከመካኒኩ ነገር በኋላ ሽማግሌው ሰው ማሰናበት ባይከብዳቸውም ምን ብለው እንዳሰናበቱ ማወቅ እንደሚፈልጉ ገብቶት ነበር። ስለዚህ የሰውን ማሾፍ፣ ማላገጥ፣ መናቅና አለማመን በየዓይነቱ የሚለዩ የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቧል፤ ሳርካስቲክ፣ ሳርዶኒክ፣ ሲኒካል፣ ዴሪሲቭ፣ ስኬፕቲካል፣ ሚስትረስትፉል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ አንድ አይደሉም አላት፤ አንዱ ምላስ ላይ የሚቀመጥ፣ አንዱ ዐይን ላይ የሚታይ፣ አንዱ ደግሞ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነው። ከበር ጠባቂው እስከ ቢሮው ሠራተኛ ሁሉም በእነዚህ ይመዘናል። አንዱ ቃል የተገኘበት ሰው ይሰናበታል። አማካሪው ይህን ሲናገር ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ ክር ውፍረት የሚናገር ይመስል ነበር።

ተቀምጣ ጀመረች። ሳርካስቲክ ለሚለው “ሳኺር”፣ አሿፊ፣ ብላ ጻፈች። ሳርዶኒክ ለሚለውም ከ“ሳኺር” የተሻለ አላገኘችም። ዴሪሲቭ ጋ ስትደርስ “ሙስተህዚእ” የሚል መጣላት፤ ግን ይህ ቃል በሽማግሌው ጆሮ ከፋብሪካ ቃልነት አልፎ የሃይማኖት ክስ እንደሚሆን፣ የተባለበት ሰው ከሥራው ሌላ ከገነትም እንደሚባረር ስለምታውቅ እጇ ከበዳት። ሲኒካል ለሚለው መዝገበ ቃላቱ ያቀረበላት ከውሻ የተወለደ ቃል ነበር፤ አባባ ይህን ቢያዩ የትኛውን ሠራተኛዬን ነው ውሻ ያላችሁት ማለታቸው አይቀርም፤ ደግሞም ሊያስደስታቸው ይችላል፤ ሁለቱንም ፈራች። ለተጠራጣሪዎቹ፣ ለስኬፕቲካልና ለሚስትረስትፉል፣ “ሙተሸኪክ” እና “ሙርታብ” አለች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ለመለየት ሰው ያስፈልጋል፤ ቃል ብቻውን አይናገርም። ያላትን ይዛ ወደ ሽማግሌው ገባች። አባባ ወረቀቱን ከዐይናቸው አርቀው አነበቡና፣ ብዙ ቃል ወስዳ አንዱን ቃል ደጋግማ እንደመለሰችላቸው ነገሯት። ከዚያ ቀለል ባለ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ይናገራል፣ አንድ አንድ አረፍተ ነገር ከየቃሉ ሥር ጻፊልኝ አሏት። ቃሉን ሰው ሁሉ እንደፈለገ ይፈታዋል፤ የሰውየው ንግግር ግን ራሱን ይፈታል።

ይህ ለአስተርጓሚ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃል እምቢ ሲል ምሳሌ ይሰጣል፤ የሙያው ልማድ ነው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ መጀመሪያ ከራሷ ልትፈጥር ሞከረች። የፈጠረቻቸው አረፍተ ነገሮች የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ እንዳሉት፣ ማንም አፍ ውስጥ ያልገቡ ሆኑባት፤ “ይህ ሥራ ጥሩ መሆኑን እጠራጠራለሁ” የሚል ሰው በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። የሚያሾፍ ሰው እንዴት እንደሚያሾፍ ስታስብ የሚሰማት አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ ጫማውን እያወለቀ የሚናገር ድምፅ። በፋብሪካው በር ላይ “ሠራተኛው ቤተሰባችን ነው” የሚል ሰሌዳ የተሰቀለ ቀን ወንድሟ ስለ አባባ፣ አባት መሆናቸውን ማን ካደ፣ የእናት ባል ናቸው እንጂ ብሎ ነበር። ጻፈችው። እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ እንፋሎት ክፍል ውስጥ ማራገቢያ የተተከለ ጊዜ፣ ማራገቢያውም እንግዳ ነው፣ ከእንግዶቹ ጋር ይሄዳል አለ፤ ደግሞም ሄደ። ጻፈችው። አማካሪው ሲመጣ፣ በሽታው ሲጠፋው በሽተኛ የሚቀንስ ሐኪም አመጡልን አለ። አባባ ለሠራተኛው “አይዟችሁ፣ ማንም አይነካም” ብለው ያስነገሩ ቀን ደግሞ፣ እኔ ሻንጣዬን የማየው አይዞህ ሲሉኝ ነው አለ። እነዚህንም ጻፈቻቸው። እያንዳንዱ ከቃሉ ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ቀዳዳው ገጠመ። ሥራው እንዲህ ተሳክቶላት አያውቅም፤ ደስ አላት። ለወንድሟ ፈርታ እንደነበር ያስታወሰችው ወረቀቱን ካስረከበች በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ራሷን አረጋጋች። የሰው ስም አልጻፈችም። ዐረብኛ ደግሞ ለእሷ ክዳን ያለው ጉድጓድ ነበር፤ ወደዚያ የወረደ ነገር ከሽማግሌው ክፍል ወጥቶ አያውቅም።

ምሳ ላይ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እንፋሎት የበላው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ የሾርባው ዋጋ ዛሬ ስለጨመረ ማንኪያውን ጠበቅ አድርጎ እንደያዘው ነገራት። ምን ስትሠራ እንደዋለች ጠየቃት። ቃላት አለችው። የምን ቃላት ነው ሲላት፣ የሰው ጠባይ የሚገልጹ አለችው። ወንድሟ አጠገቡ ወዳሉት ሁለት ሰዎች ዞሮ፣ እህቴ በጠባይ እጥረት ከተቸገረች ከኔ ትውሰድ፣ ትርፍ አለኝ አላቸው፤ ሰዎቹ ሾርባቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጉንፋን ተቀምጧል። ጉንፋን የጥበቃ ኃላፊው ነው፤ ይህን ስም ያወጡለት ከመናገሩ በፊት ሁሌ አፍንጫውን ስለሚስብ ነው፤ ጥቅሙም አለው፣ መናገር ሊጀምር ሲል ሰው አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ አፏን መልሳ ዘጋችና ስለ ልጅቷ ደብተር አወሩ።

ከሰዓት በኋላ አማካሪው ከክፍሉ ወጥቶ በደስታ እጇን ጨበጣት። አባባ ወረቀቱን በጣም ስለወደዱት የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ መጋዘን ተሰብስበው እንዲሰሙት ፈልገዋል። እሳቸው ያነባሉ፤ እሷ በሠራተኛው ቋንቋ ትመልሳለች። አስተርጓሚዋ ድካም እንደተሰማት፣ ነገ ቢሆን እንደሚሻል ተናገረች። አማካሪው ሰዎቹ ወደዚያው እየሄዱ ነው አላት። እግሯ ሥር ቧንቧው ሁለት ጊዜ ኳ አለ፤ እንፋሎት ሲዘጋ እንዲህ ያደርጋል፤ ወንድሟ ማሽኑን ለረዳቱ አስረክቦ እየወጣ ነው ማለት ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ስለተከመረ ድምፅ አይመለስም፤ የተነገረው ሁሉ እዚያው ይሰጥማል። ሽማግሌው አንድ ጥቅል ላይ ተቀምጠው እግራቸው መሬት ሳይነካ ይወዛወዛል። የክፍል ኃላፊዎቹ በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ ሽመና፣ ክር ማጠንጠኛ፣ ማቅለሚያ፣ ጠርዝ ቆረጣ፣ ወንድሟ፣ በመጨረሻም በሩ ላይ ጉንፋን። አባባ የመጀመሪያውን ቃል በዐረብኛ አነበቡ፤ ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን አረፍተ ነገር። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤተሰብ ነን ሲባል ብዙም ደስ አይለውም ብላ ተረጎመች። ኃላፊዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በሩ ጋ አፍንጫ ተሳበ። ጉንፋን በሰው አገር ዓመታት ሾፌር ሆኖ እንደሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ምን ያህል ዐረብኛ ይዞ እንደተመለሰ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። በትሕትና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ “እህት፣ የእናት ባል የሚል ነበረበት፤ እሱን ዘለልሽው” አላት። ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁ። ጉንፋን ራሱ በተሰባበረ ዐረብኛ ነገራቸው። አባባ አልተቆጡም፤ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው፣ ከመጀመሪያው እንደገና፣ ሳይቀር፣ ልጄ አሏት።

እንደገና ጀመረች። አባት መሆናቸውን ማን ካደ፣ የእናት ባል ናቸው እንጂ። ከመጋዘኑ አንድ ጥግ ሳል የሚመስል ሳቅ አመለጠ። ሁሉም ይህን ሰምተውታል፤ እንፋሎት ክፍል በር ላይ፣ ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ ከነቃናው፣ ከነትከሻው ንቅናቄ ሰምተውታል። ሁለተኛውን አነበቡ፤ ተረጎመች፤ ማራገቢያው ከእንግዶቹ ጋር ሄደ። ሦስተኛውን አነበቡ፤ ሐኪሙ በሽተኛ ቀነሰ። በሦስተኛው የሳለ ሰው አልነበረም። በዝግታ ገብቷቸዋል። አስተርጓሚዋ ድምፅዋ የራሷ እንዳልሆነ ተሰማት፤ ወንድሟ በሳቅ ያላቸውን ነገሮች እሷ ስትደግማቸው ሳቁ ወልቆ አጥንታቸው ብቻ ቀረ፤ እያንዳንዱ ነገር ክስ ሆነ። ወንድሟን ልታየው አልደፈረችም። ሌሎቹም አላዩትም። የሽመናው ኃላፊ ጣሪያውን ያያል፣ የማቅለሚያው ኃላፊ በጥፍሩ ሥር ያለውን ቀለም ይፈትሻል፣ የክር ኃላፊዋ ከበሩ ውጭ የሆነ ነገር አግኝታለች። ዐይን ሁሉ የሚሸሸው ግን ከአንድ ቦታ ነበር። ሽማግሌው ቋንቋውን አይችሉም እንጂ ስልሳ ዓመት ሲነግዱ የኖሩት የሰው ዐይን እያነበቡ ነው። ወረቀቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ማንም ወደማያየው ሰው ጣታቸውን ቀሰሩ። ይህ ማነው አሏት። አስተርጓሚዋ የእንፋሎት ክፍል ኃላፊ ነው አለች። ሌላ አልጨመረችም። በሩ ጋ አፍንጫ ተሳበ፤ ጉንፋን የቀረውን በዐረብኛ ጨመረላት፤ ወንድሟ ነው አለ።

አባባ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ ከጥቅሉ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉና ወንድሟን እንዲቀመጥ ጋበዙት። ወንድሟ መጥቶ ተቀመጠ። የሱ እግር መሬት ስለነካ ከሽማግሌው ይልቅ ባለቤት እሱ ይመስል ነበር። አባባ ክንዱን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ለመተርጎም እንዲመቻት በየመሐሉ እየጠበቁ ተናገሩ። ለአማካሪው ይህን ያህል ከፍለው ሰው ምን እንደሚያስብ ሳያውቁ እንደቀሩ፣ ይህ ሰው ግን ሁሉን እንደሚያይና ያየውን በአንድ አረፍተ ነገር መናገር እንደሚችል አወደሱት። እንዲህ ያለ ሰው አይባረርም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ይሰጠዋል። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክፍላቸው ይመጣል፤ አንድ ሰው ከአንድ ቃል ጋር ይነግራቸዋል። በቀን አንድ ይበቃል። እሱ ይናገራል፣ እህቱ ትተረጉማለች፤ ወረቀት አያስፈልግም። ከሚያውቃቸው ይጀምር።

ወንድሟ ይህን ሁሉ ከእህቱ አፍ ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ሰው ሁሉ ቀልዱን ጠበቀ፤ አስተርጓሚዋም ጠበቀች፤ እየፈራችም እየተመኘችም። ወንድሟ ግን ረጋ ብሎ፣ “እምቢ ካልኩስ በይልኝ” አላት።

አለችላቸው። ሽማግሌው በመገረም አዩትና ክንዱን እንደያዙ ወደ እሷ ዘወር አሉ።

“ቤቱን ይወደዋል ወይ በዪው።”

ይህን ስትተረጉም ከሁሉም በላይ አጭሩ አረፍተ ነገር ነበር፤ ከሁሉም በላይ የቆየባትም እሱ ነው። ወንድሟ ከፊት ለፊቱ ያለውን የብርድ ልብስ ክምር አየ፤ ጽጌረዳዎቹ በሙሉ ከነግንዳቸው ናቸው፤ የገበያዎቹ ናቸው። እሺ አለ። ሽማግሌው ይህን ቃል ያውቁታልና ደስ ብሏቸው፣ እሳቸውም “እሺ፣ እሺ” እያሉ ክንዱን መታ መታ አደረጉት።

ወደ ቤት የሄዱት አብረው ነው፤ ይህም ያልተለመደ አልነበረም፤ ያልተለመደው መንገዱ ነበር። ሌላ ቀን ከፋብሪካው በር እስከ መኖሪያው መስመር ድረስ ወንድሟን የሚጠራ፣ በትከሻ የሚገፋ፣ ‘አንተ እባብ፣ ዛሬስ ምን አልክ’ የሚል አይጠፋም። ዛሬ ሰዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታቸውን አቁመው መንገድ ለቀቁ። ምሳ ላይ ሾርባው ትን እስኪለው የሳቀው የማቅለሚያ ሠራተኛ ኮፍያውን ከራሱ አንሥቶ፣ “እንደምን ዋሉ” አለው። አሥራ ስንት ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው። ወንድሟ እጁን ሊያነሣ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው እንዲሁ እርስዎ አለው። አስተርጓሚዋ አንድ ነገር መናገር ነበረባት፤ ስም እንዳልጻፈች፣ ጉድጓዱ ክዳን ያለው መስሏት እንደነበር፣ ቃሉ ያለ ሰው እምቢ እንዳላት። ሁሉንም በልቧ ደረደረችው፤ ሲደረደር የሚተረጎም እንጂ የሚነገር ነገር አልመስል አላት። “ወንድም ጋሼ” ብላ ጀመረች። “ጭቃው ያንሸራትታል፣ ወዲህ በኩል ሂጂ” አላት።

ቤት ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ግን ወሬ በየደጁ ሲያልፍ ልብስ እየቀየረ ነውና እዚህ ሲገባ ሹመት ሆኖ ነበር። የወንድሟ ሚስት እንቁላል ጠብሳ፣ ለወር መጨረሻ የምታስቀምጠውን ዘይት ሳትሰስት አፍስሳ፣ ጠረጴዛውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ጎረቤት ሁለት ሴቶች መጥተው እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው እንደሄዱ፣ አንዷ ያኮረፈቻት እንደነበረች፣ ሌላዋ ደግሞ የተዋሰችውን ወንፊት ሳትጠየቅ እንደመለሰች ተናገረች። ከዚህ በኋላ ማን ይነካናል ብላ ግድግዳውን ስታይ፣ ዐይኗ የመካኒኩ አልጋ ተደግፎበት የነበረውን ጎን ይፈልግ ነበር። ባሏ ጫማውን አወለቀ። ልጅቷ ከጎኑ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ጫማው ሲወልቅ አንድ የሚያስቅ ነገር እንደሚወጣ ተምራለች። አንዱ ወለቀ፣ ሁለተኛው ወለቀ። ምንም አልወጣም። ልጅቷ ትዕግሥቷ አልቆ አባባ ዛሬ ምን እንዳደረጉ ጠየቀችው። “ጥሩ ሰው ናቸው” አላት። ልጅቷ ቀልዱ ይህ መስሏት ከልቧ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ አቆመች።

ራት ተበላ። እንቁላሉ የተመሰገነው በሚስቱ ብቻ ነበር፤ ራሷ ጠብሳ ራሷ አመሰገነችው። ልጅቷ ጽጌረዳዋን ተከናንባ ከተኛች፣ ሚስትየውም ዕቃ ልታጥብ ወደ ጓሮ ከወጣች በኋላ ወንድሟ ወንበሩን ወደ አስተርጓሚዋ አስጠጋ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀላት ነበር። ከመጋዘኑ ከወጣ ጀምሮ ሰው ሲቆጥር እንዳመሸ ነገራት። ረዳቱ ጨቅላ ልጅ ታቅፏል። የማቅለሚያው ሰው እናቱ አልጋ ላይ ናቸው። የክር ኃላፊዋ ባል የላትም። ማንንም ቢያነሣ ከአንድ ሰው ጋር አምስት ሰው ከቤት ይወጣል።

“ልጅ የሌለው፣ ቤት የማይወሰድበት፣ ሌላ ቦታ ሥራ የማያጣ ሰው ነው ስፈልግ ያመሸሁት” አላት። “አንድ አገኘሁ።”

አስተርጓሚዋ ጨርቁ ላይ ያለውን የዘይት ነጠብጣብ በጣቷ ስታሻሸው ቆየች። ከጓሮ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ሚስትየው እያንጎራጎረች ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

“ከቃሎቹ ውስጥ የቱ ይቀላል?” ሲል ጠየቃት።

“ሁሉም ያስባርራል፣ ወንድም ጋሼ።”

“እሱን አውቃለሁ። የሰውየውን ስም ብዙ የማያጎድፈው የቱ ነው? ሌላ ቦታ ሲሄድ የማይከተለው።”

እንደ ሥራዋ አሰበችበት። ውሻውን ጣለች፤ ከገነት የሚያስወጣውን ጣለች፤ ምላስ ላይ የሚቀመጡትን ሁሉ ጣለች። “ተጠራጣሪ የሚለው ይሻላል” አለችው። “ሙርታብ። ተጠራጣሪ ሰው ማንንም አልሰደበም።”

ወንድሟ ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ አፉ ስላልለመደው በሁለተኛውም አልተስተካከለም፤ እሷ ቀስ ብላ አስተካከለችለት። አመሰገናት። አመሰጋገኑ ላይ ምንም አልነበረበትም። ተነሥቶ መብራቱን ሊቀንስ እጁን ሲዘረጋ፣ “ለማን ነው?” አለችው።

“ነገ ስትተረጉሚው ትሰሚዋለሽ” አላት።